ርካሹ የመዋኛ ገንዳ በራችን፦ ከህዳር እስከ መስከረም

በሩን የገጠምነው ህዳር ላይ ነው። አሁን መስከረም ገብቷል። በጋውን፣ የየካቲትን ነፋስና አንድ ሙሉ ክረምት አሳልፏል። ቀለሙ ሳይደርቅ ሙገሳ መጻፍ ቀላል ነበር። ግን የበር ጠባይ የሚታወቀው ሲከርም ነው።

እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ ፍርዴን ከወዲሁ ውሰዱ። በሩ ጎበዝ ነው፣ ማጠፊያው ሰነፍ ነው። ብረቱም፣ ብየዳውም፣ ምሰሶውም የወጣባቸውን ገንዘብ መልሰዋል። ማጠፊያውን ግን ዛሬ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝ አልወስደውም።

ቤታችን ለገጣፎ ነው። ግቢው ውስጥ ትንሽ የመዋኛ ገንዳ አለ። ያሠሩት የቀድሞው ባለቤት ናቸው፤ እኛ ቤቱን ከነገንዳው ገዛነው። መዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ስለ ርካሽ በር ምን አስጨነቀው የምትሉ ትኖራላችሁ። ቤቱን ገዝተን ስንጨርስ ኪሳችን ውስጥ የቀረውን ብታዩ አትጠይቁም ነበር።

አጥሩ ደህና ነው። ቁመቱ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ብረቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው፣ ልጅ የሚረግጠው አግዳሚ የለውም። ችግሩ መግቢያው ነበር። በር የሚባል ነገር የለም። አንድ የአጥር ቁራጭ በሽቦ ታስሮ ይቆማል። ለመግባት ሽቦውን ትፈታላችሁ፣ ቁራጩን አንስታችሁ ወደ ጎን ታደርጋላችሁ፣ ስትወጡ መልሳችሁ ታስራላችሁ። ማን መልሶ ያስራል? «አሁን እመለሳለሁ» እየተባለ ክፍቱን ይውላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ገና አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለች። ቅዳሜና እሁድ የእህቴ ልጆችም ይጨመራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው ውሃ ውስጥ ሰጥሞ እንደሞተ ገምቷል። ከእነዚህ ወደ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነው። ልጅ ሲሰጥም ደግሞ እንደ ፊልም አይጮህም፣ እጁን አያውለበልብም። ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያ ሽቦ እንቅልፍ ነሳኝ።

የገንዳ በር ከሌላ በር የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ማንም ሳያስታውሰው ራሱ መዘጋት፣ ራሱም መቆለፍ አለበት። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ለቤት ገንዳዎች ያወጣውን መመሪያ ተከተልን። አጥሩ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን ይላል። በሩ ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ ይከፈት ይላል። መቀርቀሪያው የሚለቀቅበት ቦታ ከበሩ ግርጌ 137 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካላለ፣ በገንዳው በኩል ይደረግ ይላል። ወደ ውጭ የሚለው መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ልጅ በር ሲያይ ይገፋል። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ሲገፋ ይበልጥ ይዘጋል።

ውጭ አገር ማጠፊያውና መግነጢሳዊ መቆለፊያው አንድ ላይ በካርቶን ይሸጣል። ዋጋውን፣ ማስመጫውንና ቀረጡን ስደምረው ተውኩት። የዘመድ ሻንጣ ልጠብቅ ብል ደግሞ ልጅቷ ዋና ተምራ ትጨርሳለች። ስለዚህ እዚሁ ልንሠራው ወሰንን።

ለፍሬሙ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ለመሃሉ ዘንጎች 20 በ20 ገዛሁ። መቁረጡን፣ መብሳቱንና ቀለም መቀባቱን ራሴ ሠራሁ። ብየዳውን ለሰፈራችን ልጅ ሰጠሁት። እኔ የበየድኩት ነገር ላይ ሰው ባይደገፍ ይሻላል። መብራቱ እየሄደ እየመጣ ሥራው ካሰብነው በላይ ተጓተተ፤ ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሁሉም ተደምሮ ወደ 12 ሺህ ብር ወጣ። ብረት ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ለግምት ያህል ብቻ ያዙት።

ወጪው ላይ የማልቆጭበት ነገር መሬት ውስጥ የተቀበረው ነው። አካባቢያችን መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ያለበት ግቢ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፦ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ሲያብጥ ምሰሶ ያነሳል፣ ሲደርቅ ያዘነብላል። በሩን ነባሩ የአጥር ምሰሶ ላይ ልናንጠለጥለው ስንል ግንበኛው ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ መረሬ ላይ ብቻውን የቆመ ምሰሶ አይታመንም» አለኝ። «ሁለት አዲስ ምሰሶ እናቁም። ከታች ደግሞ አንዱን ከአንዱ በብረት አያይዘን ኮንክሪት እናልብሰው። ከተንቀሳቀሱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ።»

አብረው ይንቀሳቀሳሉ የምትለው ቃል ናት ያሳመነችኝ። መቀርቀሪያ የሚበላሸው ምሰሶው ስለሄደ አይደለም፤ አንዱ ሄዶ ሌላው ስለቀረ ነው። በሁለቱ ምሰሶዎች ሥር፣ በመግቢያው መሬት ውስጥ፣ ብረት ያለው የኮንክሪት ድልድይ ተቀበረ። ነሐሴ ላይ ውጤቱን አየሁት። ከበሩ ቀጥሎ ያለው የነባሩ አጥር ክፍል በግልጽ አዘንብሏል። የበሩ ሁለት ምሰሶዎች ግን ክፍተታቸው እንደነበረ ነው። የመቀርቀሪያው ምላስ ከማስገቢያው ጋር ትንሽ ተዛንፎ ነበር። እሱንም ማስገቢያው የታሰረበትን ቀዳዳ ቀድመን ወደ ላይና ወደ ታች ረዘም አድርገን ስለበሳነው፣ ብሎኑን ላላ አድርጌ ዝቅ አደረግኩትና አለቀ።

አሁን ወደ ማጠፊያው።

ሞላ ያላቸው ሁለት ማጠፊያዎች ናቸው። አዲስ፣ ከመርካቶ የተገዙ፣ የሚያብረቀርቁ። ማሸጊያው ላይ ስንት ኪሎ እንደሚሸከሙ አልተጻፈም። የእኛ በር ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መቀርቀሪያው ደግሞ ምን አለሽ ተራ የተገኘ ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ምላሱ ወፍራም፣ ሞላው ጠንካራ። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ ይደክማል ብትሉኝ አሮጌው እል ነበር። አሮጌው እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስቸገረም።

እስከ ጥር ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ሰፊ ከፍታችሁ ብትለቁት ይዘጋል፣ ጠባብ ከፍታችሁ ብትለቁትም ይዘጋል። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ሰው በር ሲፈትን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይለቃል። ከሩቅ የመጣ በር በጉልበቱ ይዘጋል፣ ደካማ ሞላ ያለውም ቢሆን። ፈተናው ጠባቡ ነው። አንድ ስንዝር ብቻ ከፍታችሁ በቀስታ ልቀቁት። በሩ ጉልበት ሳያገኝ ምላሱ ላይ ይደርሳል። ያኔ ምላሱን ገፍቶ ቀጭ ካለ ጤነኛ ነው። ምላሱ ላይ ተደግፎ ከቆመ ግን፣ ከሩቅ ሲያዩት የተዘጋ የሚመስል ክፍት በር ሆነ ማለት ነው። ከክፍት በር ይልቅ የሚያስፈራው እሱ ነው።

የካቲት ላይ ነፋሱ መጣ። በሩ ሲላተም ከቤት ውስጥ ይሰማል፣ ሌሊት ያስደነግጣል። ከጎሚስታ አንድ የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ለምኜ ምሰሶው ላይ አጣበቅኩት። ድምፁ ጠፋ። ጎማው ወፍራም ከሆነ ግን በሩን አስቀድሞ ይይዘውና ምላሱ አይገባም፤ ስስ መሆን አለበት።

ሚያዝያ አካባቢ የጠባቡን ፈተና መውደቅ ጀመረ። እነዚህ ማጠፊያዎች አናታቸው ላይ በዙሪያው ቀዳዳዎች አሏቸው። አጭር የብረት ዘንግ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ሞላውን ትጠመዝዛላችሁ፣ ከዚያ ትንሿን ፒን በሚቀጥለው ቀዳዳ ላይ ትሰካላችሁ። ዘንጉ ካመለጣችሁ ሞላው ተፈትቶ ጣት ይመታል፣ ስለዚህ ፊታችሁን አርቁ። አንድ ቀዳዳ ጨመርኩ፣ ተስተካከለ። ሰኔ ላይ ሌላ ጨመርኩ። አሁን የታችኛው ማጠፊያ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ መሄጃ የለውም። የላይኛው ደግሞ የበሩን ክብደት ተሸክሞ ፒኑ ተበልቷል፤ በሩን ይዛችሁ ብታነቃንቁት ይሰማችኋል።

ጥፋቱ የሞላው ብቻ አይመስለኝም። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ተሰጥቶታል። ክብደቱንም ይሸከማል፣ በሩንም ይዘጋል። ርካሽ ሲሆን ሁለቱንም በግማሽ ይሠራል።

ዝገቱን በአጭሩ። አንቲረስት ሁለት እጅ፣ ከላዩ የዘይት ቀለም ቀብተነዋል። ክረምቱን ሙሉ ለጥ ያለው የብረቱ ገጽ ምንም አልሆነም። የዛገው ብየዳው ዙሪያ ነው፣ በተለይ ከታች፣ ግራይንደር በደንብ ያልደረሰበት ማዕዘን ላይ። የክሎሪን ትነትም ያግዘዋል። የቱቦላሬውን ጫፎች በላሜራ ደፍነን ከታች ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ስለተውንለት ውስጡ ውሃ አልያዘም። የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ቀባሁት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከዝገትም ከሞላም በላይ በሩን የተፈታተነው ድንጋይ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት። ከሥሩ ጥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎለታል። ዘበኛችን አዛውንት ናቸው፤ ልጆቹም እኛም አባባ ነው የምንላቸው።

«አባባ፣ ይሄ ድንጋይ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«የውሃውን ጎማ ይዤ ስገባ ይዘጋብኛል ልጄ። ጎማውን ቆልምሞ ውሃውን ያቆምብኛል። እኔ ደግሞ እጄ ሁለት ብቻ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ራሱ የሚዘጋ በር ጎማ ለሚጎትት ሰው ጠላት ነው። ድንጋዩን መከልከል አልፈለግኩም፤ ነገ ሌላ ድንጋይ ይመጣል። በአጥሩ ሥር አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ቀበርን፣ ጎማው ብቻ የሚያልፍበት። አሁን ጎማውን በዚያ ያሾልኩትና እሳቸው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ድንጋዩ አበባው ሥር ተቀምጧል።

ልጆቹስ? የእህቴ ትልቁ ልጅ በሩን ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ መጨረሻ ላይ «ይሄ የተበላሸ ነው» ብሎ ሄደ። ደስ አለኝ። ሌላ ቀን ግን ቢጫ ጀሪካን እየጎተተ ሲመጣ ያዝኩት፤ ገልብጦ ሊቆምበት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአጥሩ አጠገብ የሚወጣበት ነገር አይቀመጥም። ጀሪካን፣ ወንበር፣ ብሎኬት፣ ምንም። የበሩ ሰያፍ ማጠንከሪያም በገንዳው በኩል የተበየደው ለዚሁ ነው። ከውጭ ቢሆን መሰላል ይሆንለት ነበር። ዋናተኛ እስኪሆኑ ድረስ ደግሞ ውሃው አጠገብ አዋቂ ሰው ይቀመጣል፤ በሩ የተሠራው ዓይናችን ለሚዘናጋበት ሰዓት ነው።

ገንዳ የሌላችሁ ይሄ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ስንቱ ግቢ የእጅ ጉድጓድ አለው። መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ማጠራቀሚያ ያለው ብዙ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ብቻ የሆነ። ጉድጓዱን ዙሪያውን አጥራችሁ በር ካበጃችሁለት፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የእናንተም ነው።

ማን አይሥራው? አጥሩ ራሱ የሚነቃነቅ ሰው። መጀመሪያ አጥሩን ያድን። የታችኛው ክፍተት ሰፊ የሆነበትም እንዲሁ። እኛ ጠጠር ላይ ስለሆነ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ አድርገናል፤ ክረምት ጎርፉ ጠጠሩን ሲወስደው እንደገና መሙላት ነበረብኝ።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያቆም ማጠፊያዎቹን እቀይራለሁ። በያጁ ያመጣው ሐሳብ ይመቸኛል። ክብደቱን የሚሸከሙ ወፍራም ተራ ማጠፊያዎች፣ ግሪስ የሚቀበሉ። መዝጊያው ደግሞ ለብቻው አንድ ረጅም ሞላ፣ ሲደክም እሱ ብቻ የሚቀየር። ማጠፊያዎቹን በብሎን እንጂ በብየዳ ስላላሰርናቸው ሥራው ከባድ አይሆንም። መርካቶ ከመውረዴ በፊት በማጠፊያው የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክቼ ወረቀት ላይ ጽፌ መያዝ ነው፤ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ማለቱ አይቀርም።