ራም ሲያስቸግር፦ በፕሮግራም መፈተሽ ወይስ እየነቀሉ መሞከር?

ደሴ ላይ ለእህቴ ልጅ የገጠምንለት የጨዋታ ኮምፒውተር በሁለተኛው ቀን ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ ይጠፋ ጀመር። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ በጊዜያዊነት የሚይዝበት ማስታወሻ) ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ነው።

ልጁ ሜምቴስት86ን መረጠ። ፕሮግራሙ ከፍላሽ ተነስቶ ዊንዶውስ ሳይከፈት ራሙን ይፈትሻል፤ ነጻው ቅጂ እስከ አራት ዙር ይሄዳል። ጥንቃቄው የሚያስመሰግን ነው፤ ግን ለ32 ጊጋባይት ሰዓታት ይፈጃል፣ መብራት ከጠፋም እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ስህተት ቢያገኝ እንኳ ጥፋቱ የራሙ ይሁን ራሙ የሚሰካበት ማስገቢያ ለይቶ አይነግርም።

እኔ ደግሞ ካቻቢቴ ይቀናኛል። ገመዱን ነቅዬ፣ የሰውነቴ ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ብረት ነክቼ፣ አንዱን ራም ብቻ ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ ጫንኩት፤ ቀጭ አለ። ሠራ። ሌላውን ለብቻው ሞከርኩ፤ እሱም ሠራ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

ጎን ለጎን አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ሰክተናቸው ኖሯል! አብዛኛው ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ሁለት ራም የሚፈልገው ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ያለ ቦታቸው ሆነው ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነው ቅንብር) በ3600 ፍጥነት ሲያስሮጣቸው አልቻሉም፤ ኤክስኤምፒን አጥፍተን በመደበኛው 2133 ስንሞክር ያለ ችግር ሠርተው ነበር።

ቦታቸውን አስተካክለን ኤክስኤምፒን መለስነው። የልጁ ፕሮግራም ተራ የደረሰው ያኔ ነው፤ ሌሊቱን ተውነው። ጠዋት እህቴ ቡና ስትቆላ አራተኛው ዙር አልቆ ስህተቱ ዜሮ ነበር።