ዲኤክስ ኮሮላ በደብረ ማርቆስ ብርድና በዓባይ ቁልቁለት፦ ከአሥራ አራት ወር በኋላ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የገዛኋትን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አሥራ አራት ወር ነድቻታለሁ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫና ወደ ፍኖተ ሰላም፣ አንዳንዴም እስከ ባሕር ዳር፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ዓባይን ተሻግሬ እስከ አዲስ አበባ ሄጄባታለሁ፤ የዘወትር ሥራዋ ግን ልጆቼን ትምህርት ቤት ማድረስና እኔን ከማስተምርበት ቦታ ማመላለስ ነው። ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር የምጽፍበት ደብተር እንደሚያሳየው እስካሁን 11,600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ ከተገዛችበት ዋጋ አንድ አምስተኛውን አልፏል። ሆኖም ከዚህ ወጪ ከግማሽ የሚበልጠው ዕድሜ ያበላሸውን ለመጠገን ሳይሆን፣ ከእኔ በፊት የተደረጉ ጥገናዎች ያበላሹትን ወደ ቦታው ለመመለስ የወጣ ነው። አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህን ይመስለኛል።

ዲኤክስን የመረጥኩት ከእርሷ የተሻለ ለመግዛት አቅሙ ስላልነበረኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዘመን ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚህም የተነሣ መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል የሚለው የቆየ ግምታችን አልሠራም። የኔዋ የአራተኛው ትውልድ ኮሮላ ናት። ይህ ትውልድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ከኮፈኗ ሥር ያለው 4ኬ የሚባለው 1,290 ሲሲ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም፣ ነዳጁን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር የሚያገኝ፣ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የሌለበት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ሞተር ፈትቶ መግጠም የማይችል መካኒክ አላጋጠመኝም፤ ትልቁ ጥቅሟም ይኸው ነው። ነገር ግን ማንም ሊፈታው የሚችል ሞተር ማንም የነካካው ሞተር እንደሚሆን የተረዳሁት ከገዛኋት በኋላ ነው።

ስገዛት ደላላው ደጋግሞ ያሞግሳት የነበረው ሙቀት የሚባል ነገር እንደማታውቅ በመናገር ነበር። እውነትም የሙቀት መለኪያው መርፌ ከታችኛው መስመር ንቅንቅ አይልም። እኔም ይህን እንደ ጤንነት ቆጥሬው ሁለት ወር ሙሉ ነዳኋት፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ግን ጠዋት ጠዋት ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሣት ቤንዚን የሚያበዛውን መጎተቻ) ስመልሰው ሞተሩ እየተንገዳገደ ይጠፋ ነበር፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም አልፎ አይሄድም፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣው ደግሞ ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። እርሳቸው ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ቱቦ በእጃቸው ጨበጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህችን መኪና የሚያማት ብርድ ነው፤ ቴርሞስታቷን ማን ወሰደባት?» አሉኝ።

ሲፈቱት እንዳሉት ቤቱ ባዶ ነበር። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዝ ትንሽ በር ነው፤ እርሳቸው የገጠሙልኝ 82 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ነው። በሩ ከሌለ ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ በራዲያተሩ በኩል እየዞረ ይቀዘቅዛል፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ደግሞ፣ ከጮቄ በኩል ነፋስ በሚወርድበት ጠዋት፣ አጭር መንገድ የሚሄድ ሞተር ጨርሶ ሳይሞቅ ይውላል። ባልሞቀ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ ወደ ተንነት አይለወጥም፤ ያልተቃጠለው በሲሊንደሩ ግድግዳ ተንሸራትቶ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ የቀጠነው ዘይት ደግሞ ፋሻውና (የፒስተኑ ቀለበትና) ሲሊንደሩ እንዲበላሉ ያደርጋል። ስለዚህ ደላላው ያመሰገነው ነገር መኪናዋን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨርሳት ነገር ነበር።

ቴርሞስታቱን አውልቆ የጣለው ሰው ይህን ያደረገው በክፋት አይመስለኝም። መኪና ስትሞቅ ለባለቤቱም ለመካኒኩም ቀላሉ መፍትሔ በሩን ማውለቅ ነው፤ መርፌው ወዲያው ይወርዳል፣ ገንዘቡም አይበዛም። እውነተኛው በሽታ ግን ባለበት ይቀራል። አዲሱ ቴርሞስታት በተገጠመ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ደምበጫ ሳልደርስ፣ መርፌው ወደ ቀዩ መስመር ወጣ። ራዲያተሩ ሲከፈት ከቧንቧዎቹ ግማሽ ያህሉ በዝገት ተደፍነው ተገኙ። ለዓመታት ያለ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ) የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲሞላባት የብረቱ ብሎክ ከውስጥ ዝጎ፣ ዝገቱ ሁሉ ተጠርጎ እዚያ ሰፍሯል። ራዲያተሩን ከላይ ከፍተው፣ እያንዳንዱን ቧንቧ በቀጭን ብረት ጠርገው መልሰው በየዱት፤ ከዚያም በኩላንት ሞላነው። ክዳኑንም ቀየርን። ብዙ ሰው የራዲያተር ክዳንን እንደ ተራ ክዳን ያየዋል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ የሚያደርሰው ያ ክዳን ባይኖር ጤነኛ ሞተርም ዳገት ላይ ያፈላል። የኔዋ ክዳን ሞላው ተሰብሮ ነበር።

ይህ ከመታወቁ በፊት ግን እጅግ ብዙ ሊያስከፍለኝ የነበረ ሌላ ምክር ሰምቼ ነበር። በመጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ለክቶ 118፣ 120፣ 115 እና 117 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አገኘ፤ ጤነኛ ሞተር ወደ 155 እንደሚደርስ ነግሮኝ ሞተሩ ወርዶ መታደስ እንዳለበት ወሰነ። ቁጥሩ ከመጽሐፍ የተወሰደ በመሆኑ አመንኩት፤ ገንዘብ ለመበደርም አስቤ ነበር። አዛውንቱ መካኒክ ወረቀቱን ካዩ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የተለካው የት ነው? መጽሐፉ የጻፈው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ለተለካ ሞተር ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ፒስተኑ የሚያምቀው አየርም በዚያው መጠን ያንሳል፤ እዚያ 155 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 117 አካባቢ ቢያሳይ ትክክል ነው። ይልቅስ ሊታይ የሚገባው አራቱ ቁጥሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነበር፤ የኔዎቹ ደግሞ ተቀራራቢ ናቸው። በደጋ አገር የሚኖር የመኪና ባለቤት ሁሉ ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ፤ ባልታመመ ሞተር ላይ የሚደረግ እድሳት፣ በተለይ ጥሩ ፒስተንና ፋሻ በማይገኝበት በዚህ ጊዜ፣ ሞተሩን ከነበረበት አሳንሶ ሊመልሰው ይችላል።

የካርቡሬተሩም ችግር ከከፍታው ጋር የተያያዘ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎችም ጥላሸት ይለብሳሉ። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ሠራተኛ የጉልበቱን ማነስ አይቶ ቤንዚን እንዳነሳት ሳይገምት አልቀረም፤ ቤንዚን የሚያልፍበትን የዋናውን ጄት ቀዳዳ በሽቦ አስፍቶታል፤ ማለትም የበዛውን ይበልጥ አብዝቶታል። ከተጣለ ካርቡሬተር ላይ ያልተነካ ጄት ተገኝቶ ተገጠመ። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ እንደሞቀ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሣው መገናኛ) ክፍተት ደግሞ 0.45 ሚሊ ሜትር ተደረገ፤ ለከፍታው ሲባል ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ሁለት ዲግሪ ያህል እንዲቀድም ሆነ። አሁን በረጅም መንገድ በአንድ ሊትር 11.5፣ በከተማ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ቤንዚን ለመቅዳት ሙሉ ቀን ሰልፍ መዋል በሚያስፈልግበት ጊዜ ይህ ልዩነት ከብር በላይ ነው፤ ትምህርት ቤት የምውልበት ቀን ነው።

ስለ ፍሬኑ ስጽፍ አሁንም ይጨንቀኛል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ባለቤቴን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ ከደጀን ወደ ዓባይ መውረድ ጀመርኩ። ያ መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። በሦስተኛ ማርሽ ሆኜ ፍሬን ደጋግሜ እየረገጥኩ ስወርድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰምጦ ወለሉን ሊነካ ደረሰ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ በተራራው በኩል ጥግ ይዤ አቆምኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ፤ የቀረውን ቁልቁለት በእግር ጉዞ ፍጥነት ወረድን። ባለቤቴ ድልድዩን እስክንሻገር አንድ ቃል አልተናገረችም።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላም በመሥመሩ ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጠር እግር የሚረግጠው እንፋሎቱን ይሆናል። የኔዋ ዘይት ቡና መስሎ ጠቁሮ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከዚህ የከፋ ነው፦ የግራ የኋላ ጎማ የፍሬን ሲሊንደር ሲያፈስ አዲስ በመግጠም ፈንታ ወደዚያ የሚሄደው ቀጭን ቧንቧ በመዶሻ ተጨፍልቆ ተዘግቷል። መኪናዋ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ባላውቅም በሦስት ጎማ ፍሬን ስትሄድ ኖራለች፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ከአቅማቸው በላይ ግለዋል። የኋላ ሲሊንደሮቹን፣ ሸራዎቹን፣ ቧንቧውንና ዘይቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስቀየርኩ። በጥር በዚያው ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች ጠንክሮ ቆየ። አሮጌ መኪና ገዝቶ ዓባይን ለመውረድ የሚያስብ ሰው፣ አራቱንም ጎማዎች አስፈትቶ በዓይኑ ሳያይ ባይነሣ እለምነዋለሁ።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። በፊውዝ ሳጥኗ ውስጥ በሦስት ፊውዞች ቦታ ሽቦ ተጠምጥሞ አግኝቻለሁ፤ ይህ መኪና የሚያቃጥል ነገር ነው፤ ለመመለስ የወሰደው ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ፣ በላዩ ላይ ስቱኮ ተለስኖ ነበር፤ አስቆርጬ አስበየድኩት። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ሞተሪኖው እስከ ዛሬ አልተነኩም፤ ምናልባትም ደኅና የሆኑት ማንም ስላልነካካቸው ነው።

መለዋወጫ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ፣ በሰው እጅ ነው የሚመጣልኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው በየጊዜው ሲጨምር አይቻለሁ፤ መንገድ በሚዘጋባቸው ሳምንታት ደግሞ በየትኛውም ዋጋ አይገኝም። በዚህ ምክንያት ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ቺንጋ፣ አንድ ጥንድ ካንዴላና የራዲያተር ቱቦ ምንጊዜም ከስኮርታው (ከትርፍ ጎማው) ጎን አይጠፉም። ኦርጂናል ተብሎ በሚያምር ካርቶን የተሸጠልኝ ፑንቲና አምስት ሳምንት ብቻ ነው ያገለገለው፤ ከዚያ በኋላ ከፈረሰ መኪና የወጣ የጃፓን ዕቃ ከአዲስ አስመስሎ ሥራ ይልቅ እመርጣለሁ።

ይህችን መኪና በሳምንት አንድ ጊዜ ኮፈኗን ከፍቶ ውኃና ዘይት ለማየት፣ መካኒኩ ሲሠራም አጠገቡ ቆሞ «የወጣው ዕቃ የት አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቁልፉን ሰጥቶ ማታ ተመልሶ የሚረከብ ሰው ግን ባይገዛት ይሻላል፤ እንዲህ ባሉ ባለቤቶች እጅ ስላለፈች ነው እኔ ዘንድ በዚያ ሁኔታ የደረሰችው።

ያልተፈታ አንድ ጉዳይ ቀርቷል። ጠዋት ስትነሣ ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፤ በ1,500 ኪሎ ሜትርም አንድ ሊትር ያህል ዘይት ትጨርሳለች። ኮምፕሬሽኑ ደኅና ስለሆነና ጭሱ ከመነሻው በኋላ ስለሚጠፋ አዛውንቱ መካኒክ የጠረጠሩት ፋሻውን ሳይሆን የቫልቮቹን የዘይት ማኅተሞች ነው። ስምንቱንም አስመጥቼ በመሳቢያዬ አስቀምጫለሁ፤ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ቴስታታው ሳይወርድ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል አየር ሞልተን እንቀይራቸዋለን ብለውኛል።