«ሙሉ የካምፕ ዕቃ በአንድ ጥቅል» ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ዕቃችሁን በጀርባችሁ ተሸክማችሁ፣ በእግር ርቃችሁ ሄዳችሁ ድንኳን ውስጥ ለማደር ካሰባችሁ «ሙሉ ጥቅል» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ተጠንቀቁ። ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብታችሁ የምትተኙበት የሚያሞቅ ከረጢት)፣ ፍራሽና የውሃ ማጣሪያ አንድ ላይ በርካሽ ዋጋ ይሸጣሉ። ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ገዝቶ አብረን ወጣን። ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ስሊፒንግ ባጉ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ግን ከዚያ ሌሊት እጅግ የከፋ ብርድ እንደሚችል ነበር የሚናገረው።

መኪናው አጠገብ የሚያድር ሰው ሲበርደው መኪና ውስጥ ይገባል። እኔ የማወራው ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መብራት፣ ብዙ ጊዜም ኔትወርክ ስለሌለበት ቦታ ነው። እዚያ የያዛችሁት ዕቃ ከከዳችሁ ሌላ አማራጭ የለም።

ትልቁ ማታለያ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚለካበት አይኤስኦ 23537 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። «ኮምፈርት» የሚለው ቁጥር አንዲት ሴት ዘና ብላ ሳይበርዳት የምትተኛበት የሙቀት መጠን ነው። «ሊሚት» ደግሞ አንድ ወንድ ተኮራምቶም ቢሆን እንቅልፍ የሚወስደው ነው። «ኤክስትሪም» ግን የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም። ለ6 ሰዓት ያህል በብርድ ሳይሞቱ መቆየት የሚቻልበት ነው፤ ጣት በውርጭ ሊጎዳ ሁሉ ይችላል። አንዳንድ ሻጮች አድምቀው የሚጽፉት ታዲያ ይህንኑ ነው! ሰው ሕይወቱን አምኖ በሚተኛበት ዕቃ ላይ እንዲህ መደረጉ በጣም ያናድደኛል። ኮምፈርቱን ጠይቁ። የምን እንደሆነ ያልተገለጸ አንድ ቁጥር ብቻ ካለበት አትግዙ። ደረጃው የተሠራው ለአዋቂ ስለሆነ ለልጅ ስትገዙ ቁጥሩን አትመኑት።

ፍራሹንም አትናቁት። ከሰውነታችሁ ስር ያለው የስሊፒንግ ባግ ሙሌት በክብደታችሁ ስለሚጨፈለቅ ሙቀት አይዝም። ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚከለክለው ፍራሹ ነው። አቅሙ «አር ቫልዩ» በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይበልጥ ያሞቃል። ጓደኛዬ ጥቅል ውስጥ የነበረው ስስ ስፖንጅ ምንም ቁጥር አልነበረውም።

የውሃ ማጣሪያው ላይ ደግሞ «100 በመቶ ንጹህ» ይላል። እንዲህ ያሉት በቀጫጭን ቱቦዎች የሚያጣሩ ዕቃዎች ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉትን ጥገኛ ተሕዋስያን ይይዛሉ። ቫይረስ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ አብዛኞቹን ያልፋል። ኬሚካልንም አያስወግዱም። አንዴ ውሃ የነካው ማጣሪያ በረዶ ከሠራ ደግሞ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም፣ ውሃም ማውረዱን አያቆምም። ብርድ ባለበት ሌሊት አብሯችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። ጥርጣሬ ካላችሁ ውሃውን አፍሉት፦ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ።

ዕቃውን የምትሸከሙበት የጀርባ ቦርሳም የወገብ ቀበቶው ወፍራምና ጠንካራ ካልሆነ ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ውሃ ብቻውን በሊትር 1 ኪሎ ይመዝናል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ደረሰኙንና ዕቃው ላይ የተንጠለጠለውን የዋጋ ምልክት አትጣሉ። የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ድንኳኑን ደጅ ትከሉትና ውሃ አርከፍክፉበት፣ አንድ ሌሊትም እደሩበት። ገንዘብ ካጠረ ድንኳኑን ተዋሱ ወይም ተከራዩ፤ ያላችሁን ግን ስሊፒንግ ባጉና ፍራሹ ላይ አውሉት።