ልብስ እየሰፋሁ የምሰማቸው ሴት ደራሲያን፦ ስለ ሊብሪቮክስ

ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። የተማርኩት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ እንጀራዬ ግን ከመርፌ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያገናኘልኝ ሊብሪቮክስ የሚባል ነፃ የኢንተርኔት አገልግሎት ስለሆነ ዛሬ ስለሱ ልጻፍ።

ሊብሪቮክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀመረ። በጎ ፈቃደኞች የቅጂ መብታቸው ያለፈ መጻሕፍትን በድምፃቸው አንብበው ይጭናሉ። ክፍያ የለም። «ተመዝገቡ» ብሎ የሚያስቸግርም የለም። የኢትዮጵያ ሬዲዮን «ከመጻሕፍት ዓለም» እየሰማ ያደገ ሰው የትረካን ጥቅም ያውቀዋል፤ እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ጆሮ መጽሐፍ ያነባል። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚተርኩት በአብዛኛው ተራ ሰዎች ናቸው።

እኔ የማወርደው ከመቶ ዓመት በፊት ሴቶች የጻፏቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። ስማር ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹን በስም እንኳ አላገኘኋቸውም። አሁን ግን ሱቄ ውስጥ በየቀኑ ያወራሉ።

መጀመሪያ የሱዛን ግላስፔልን «ኤ ጁሪ ኦፍ ኸር ፒርስ» ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1917 የታተመ ነው። ግላስፔል አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት ውስጥ የጋዜጣ ዘጋቢ ሳለች፣ ባሏን በመጥረቢያ ገደለች የተባለች የገበሬ ሚስት ችሎት ላይ ተገኝታ ዘግባ ነበር። ከዓመታት በኋላ ነገሩን መጀመሪያ ተውኔት፣ ቀጥሎ ልብ ወለድ አደረገችው። በልብ ወለዱ ባል አንገቱ በገመድ ታንቆ ተገኝቷል፤ ሚስት ታስራለች። ሸሪፉና ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ፍለጋ ፎቁንና በረቱን ያስሳሉ። አብረው የመጡት ሁለት ሴቶች ወጥ ቤት ይቀራሉ። እነሱ የሚያዩት ግማሹ የተወለወለ ጠረጴዛ ነው። በብርድ የፈነዳ የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተጀምሮ ያላለቀ የአልጋ ልብስ ነው። ስፌቱ ሁሉ እኩልና ንጹሕ ሆኖ ይሄድና አንድ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ይንጋደዳል፣ ይዝረከረካል። አንደኛዋ ሴት ምንም ሳትል የተበላሸውን ትተረትረውና ደግማ መስፋት ትጀምራለች።

እዚህ ጋ ስደርስ መኪናዬን አቆምኩ። ይሄን እኔ አውቀዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ቤቷ ሰላም ያላደረ ቀን ክር ታጠብቃለች፤ ጨርቁ ይሸበሸባል፣ ጠርዙ ይሳባል። ሳልጠይቃት ይገባኛል። ለካ አንዲት ሴት ይሄን ከመቶ ዓመት በፊት ጽፋዋለች። ታሪኩን በአማርኛ ስነግራት «እትዬ፣ ፖሊሶቹ ግን ስፌቱን አያዩትም እንዴ?» አለችኝ። እንዲያውም ወንዶቹ ወጥ ቤቱን አልፈው ሲሄዱ የሴቶቹን የስፌት ወሬ ሰምተው ይስቃሉ። ያቺ መርፌ ምን እንደምትደብቅ አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ስሙት።

ሁለተኛ የሜሪ ዊልኪንስ ፍሪማን «ዘ ሪቮልት ኦፍ ማዘር» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1890። ባል «ቤት እሠራልሻለሁ» ካላት 40 ዓመት ሞልቷል። ቤቱ ሊሠራበት በታሰበው ቦታ ላይ አዲስ በረት ያቆማል። እሱ ፈረስ ሊገዛ ራቅ ብሎ ሲሄድ፣ ሚስት ዕቃዋን ሁሉ ጠቅልላ በረቱ ውስጥ ትገባለች። ቄሱ መጥተው ቢመክሯትም ንቅንቅ የለም። ይሄንን ከጅሬን በኩል ቀሚስ ልታሳጥር ለመጣች አንዲት እናት ስተርክላት፣ ልኬቱን ትታ ወንበር ሳበች። «አርባ ዓመት ምን ትጠብቃለች ልጄ? እኔ በአሥረኛው ዓመት ነበር የምገባበት» አለች። ከዚያ ስለ ራሷ ቤት ማውራት ጀመረች። ቀሚሱ ለማግስቱ አደረ።

የካትሪን ማንስፊልድ «ዘ ጋርደን ፓርቲ» ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1922 ነው። ሀብታም ቤት ድንኳን ተተክሏል፣ ሙዚቀኛ ተጠርቷል። ከታች ሰፈር አንድ ጋሪ ነጂ ይሞታል። ልጅቷ «ግብዣው ይቅር» ብትል እናቷ የራሷን ባርኔጣ ታደርግላትና ታዘናጋታለች። ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጦ ሙዚቃ መክፈት ለኛ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጅቷ ያንን ባርኔጣ እንዳደረገች ሬሳው ፊት ስትቆም የእኔም ፊት ጋለ።

የሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማንን «ዘ የሎ ዎልፔፐር» ግን ደንበኛ ባለበት አትክፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1892 ወጥቶ፣ በ1973 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲታተም ነው በሰፊው መነበብ የጀመረው። «ዕረፊ፣ አትጻፊ» ተብላ ክፍል ውስጥ የተዘጋባት ሴት ታሪክ ነው። አራስ ለነበረች ሰው ይከብዳል። ለብቻ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። የአንባቢዎቹ ደረጃ በጣም ይለያያል። አንዷ ስታነብ አጠገባችሁ ቁጭ ያለች ይመስላችኋል፤ ሌላው ቃላቱን ይበላል። ብዙ አንባቢዎች የተጋሩት መድብል ላይ ድምፁ በየታሪኩ ስለሚቀያየር፣ አንድ ሰው ብቻ ያነበበውን ምረጡ። ታዋቂ የሆኑት ታሪኮች ከአንድ በላይ ቅጂ ስላላቸው አንዱ ካልጣማችሁ ሌላውን ሞክሩ። በየፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚደጋገም ማስታወቂያ አለ፤ አጭር ታሪክ ላይ ያሰለቻል። ትልቁ ችግሬ ግን የድምፅ መጠን ነው። ጅማ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ቀስ ብለው የሚያነቡት ጨርሶ አይሰሙም፤ ጅማ ደግሞ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም። ትንሽ ስፒከር የግድ ነው።

ኢንተርኔት ብዙ አይበላም። ከሁለቱ የጥራት ደረጃዎች ዝቅተኛውን፣ ባለ 64 ኪሎቢቱን ብታወርዱ የ10 ደቂቃ ታሪክ 5 ሜጋባይት አይሞላም። እኔ በሌሊት ጥቅል አውርጄ ሜሞሪ ላይ አስቀምጣለሁ። መብራት ሲጠፋ የእግር መኪናዬም ስልኬም ይሠራሉ። እንግሊዝኛው ፈጥኖ ለሚያመልጠው፣ በየመጽሐፉ ገጽ ላይ ወደ ጽሑፉ የሚወስድ ማያያዣ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ወደሚባለው የነፃ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው የሚወስደው። እያዩ መስማት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሚያንገበግበኝ አፍሪካውያኑን ማጣቴ ነው። የሚገባው በአብዛኛው ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ሥራ ነውና፣ የኬንያዋ ግሬስ ኦጎት እ.ኤ.አ. የ1968 መድብል ገና ሩቅ ነው። የጋናዋ አማ አታ አይዱ የ1970ውም እንደዚያው። እኛም ዘንድ ስንዱ ገብሩ አለች። በ1942 ዓ.ም «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተመች። ልብ ወለድ ሳይሆን ግጥምና ተውኔት ነው፤ ቢሆንም ወራሾቿን አስፈቅዶ በጥሩ ድምፅ የሚያነብልን ሰው ቢገኝ ጨርቄን እየቆረጥኩ ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ።

እስከዚያው ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሰው ያወረድኩትን እቀዳለሁ። የሊብሪቮክስን ቅጂ ማባዛት የተፈቀደ ነው። ከግላስፔል ጀምሩ።