ዝርግ እግር ይዛችሁ ጫማ ልታሰፉ ከሆነ

እግሬ ዝርግ ነው። ውስጥ እግሬ መሐሉ ጎደል አይልም፣ ሙሉ በሙሉ መሬት ይነካል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሰራው፤ የማይሆን ጫማ ካደረግሁ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ ጉልበቴም ይከተላል። ታዲያ ምን ነካኝ? ለእህቴ ልጅ ሰርግ ስመጣ "የሀገሬን ቆዳ አሰፋለሁ" ብዬ ከስኒከር በቀር ምንም ሳልይዝ ተነሳሁ።

ፒያሳ አንድ ጫማ ቤት ገባሁ። ስሙ ይቅር። ልጁ ትሁት ነው፣ ሻይም አዘዘልኝ። እግሬን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ አነሳና አለቀ። ያውም ባረፍኩ በማግስቱ፣ 13 ሰዓት በረራ ያሳበጠው እግር! ዝርግ መሆኑን ስነግረው "አያስቡ ጋሼ፣ ስፖንጅ እናደርግበታለን" አለኝ። ያኔ ነበር ተነስቼ መውጣት። ስፖንጅ የሚጠቅመው ውስጥ እግሩ ከፍ ብሎ ለሚቆም ሰው ነው፣ ክብደቱ ተረከዙና የጣቶቹ ስር ላይ ስለሚያርፍ። የኔ ዓይነቱ ሲረግጠው ልጥፍ ይልና እግሩ ወደ ውስጥ እንደዘመመ ይቀራል።

4,500 ብር ተስማማን፣ ግማሹን ከፈልኩ፣ በ4 ቀን ይደርሳል ተባለ። በአራተኛው ቀን ሶሉ አልደረቀም። በስድስተኛው መብራት የለም። በሰባተኛው ሰፊው ለቅሶ ሄዷል። ለቅሶውን አልቃወምም፣ ግን ስልክ አንስቶ "ጋሼ አይልፉ" ማለት ምን ያስከፍላል? ሁለቴ ታክሲ ተሰልፌ ሄጄ ነው የሰማሁት። በዘጠነኛው ቀን፣ ሰርጉ ነገ ሊሆን፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩ። ጫማው መጣ፣ ዋጋው ግን 7,000 ሆኗል። "ልዩ ሥራ ስለሆነ ነው።" መጀመሪያ ቀን "ከየት ነው የመጡት?" ያለኝ ለካ ለጨዋታ አልነበረም። ብሩ አይደለም ያናደደኝ፣ ባደግሁበት ሰፈር እንደ ቱሪስት መቆጠሬ ነው። ከፈልኩ፤ ምን ላድርግ፣ ባዶ እግሬን ሰርግ አልሄድ።

ሰርጉ ላይ አንድ ዘፈን ጨፍሬ ተቀመጥኩ። መልሱን ያሳለፍኩት በነጠላ ጫማ ነው።

ከዚያ እናቴ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር የሚሰሩ አንድ ሽማግሌ ጋ ላከችኝ። አባባ አዲሱን ጫማ አላዩትም፣ ያደረግሁትን አሮጌ ስኒከር አስወልቀው ገለበጡት። ተረከዙ በውስጥ በኩል ተበልቷል። "ወደ ውስጥ ነው የምትረግጠው ልጄ" አሉኝ። ሜሪላንድ ይሄንኑ ለመንገር በካሜራ እየቀረጹ ማሽን ላይ አስሩጠውኛል! ከአዲሱ ጫማ ስፖንጁን አወጡ፣ ወፍራም ቆዳ ደራርበው መሐሉን ደገፉት፣ የተረከዙን ጀርባም አጠነከሩት። 300 ብር፣ በማግስቱ።

እናንተ ግን ሳትሄዱ እግራችሁን አርጥባችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ቁሙ። ሙሉ ዱካ ከወጣ እንደኔ ናችሁ፤ መሐሉ ቀጭን ከሆነ ወይም ከተቋረጠ ለስለስ ያለ ፈልጉ። የምትለኩት ከሰዓት በኋላ ይሁን። ጫማውን እንደ ፎጣ ጠምዝዙት፣ መሐሉ ላይ በቀላሉ የሚጠመዘዝ ከሆነ ለዝርግ እግር አይሆንም። ደግሞ ቅርጽ ሁሉን አይወስንም፣ የአሜሪካ ጦር ለምልምሎቹ በእግራቸው ቅርጽ ጫማ መርጦ ቢሰጥም ጉዳቱ ያን ያህል አልቀነሰም። አድርጋችሁ ተራመዱበት፣ ካልተመቻችሁ "ይለቃል" ሲሏችሁ አትመኑ።

የአባባን ሥራ ይሄው ሲልቨር ስፕሪንግም እያደረግሁት ነው። የፒያሳው ልጅ ደረሰኙን "ነገ" ብሎኝ ነበር።