የሌሊቱ ቲቪ ወይስ የዌብካሙ ጭፈራ?

የእንግሊዝን የናይት ክለብ ጭፈራ ሶፋ ላይ ሆኖ ለማየት ሁለት ፕሮግራሞችን ላወዳድር። አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1992 በእንግሊዙ የቴሌቪዥን ጣቢያ በአይቲቪ የታየው «ዘ ሂትማን ኤንድ ኸር» ነው። ሌላው በ2010 ለንደን ውስጥ በኢንተርኔት የጀመረው «ቦይለር ሩም»።

የቲቪውን ፕሮግራም የሙዚቃ ፕሮዲዩሰሩ ፒት ዋተርማንና ሚካኤላ ስትራካን ነበሩ የሚመሩት። ቅዳሜ ማታ አንድ ክለብ ውስጥ ይቀረጻል፤ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ እዚያው ሌሊት ይተላለፋል። ጭፈራው ሳይበርድ ታየዋለህ ማለት ነው። ጨፋሪው ደግሞ ዝነኛ አይደለም፤ የሰፈር ልጅ ነው። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ካሜራው ሲጠጋው ያፍራል፣ ከዚያ የባሰ ይጨፍራል። የዳንስ ውድድርም ነበረው።

ቦይለር ሩም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ዌብካም ነው የተጀመረው። ዲጄው ፊቱን ወደ ካሜራ ያዞራል፤ ሕዝቡ ከጀርባው ነው። ለሙዚቃው ከሆነ ይሄኛው ይበልጣል። ዲጄው ሲያቀላቅል ያለማቋረጥ ትከታተላለህ፤ ስትፈልግም ደግመህ ታየዋለህ።

ልቤ ግን ወደ ሌሊቱ ቲቪ ያደላል። በቪዲዮ ካሴት ካልቀዳኸው አመለጠህ። ከክለብ የተመለሰውም እንቅልፍ እምቢ ያለውም በተመሳሳይ ሰዓት ያንኑ ያያሉ። ይህን ስሜት በፈለግኩት ሰዓት የምከፍተው ቪዲዮ አልሰጠኝም።