ለልጄ የሒሳብ አስጠኚ ምስጋና፣ ባሕር ዳር ላላችሁ ወላጆችም ጥቆማ

ባሕር ዳር ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሒሳብ አስጠኚ የምትፈልጉ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ችግሯ ማስላቱ አልነበረም። ሚን (አማካዩ)፣ ሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው)፣ ሞድ (በብዛት የተደጋገመው) እንዴት እንደሚወጡ በቃሏ ትወርደዋለች። ለምን ሦስቱም እንዳስፈለጉ ግን የነገራት የለም። አባይ ማዶ የሚያስጠኑ አንድ ጡረተኛ መምህር እንዳሉ ጎረቤቴ ጠቆመችኝ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

ቲቸር መጀመሪያ ደብተር አላስወጧቸውም። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ጋ ወሰዷቸውና ስድስት ዓሣ አስመዘኑ። አምስቱ ቀረሶ ናቸው፤ እያጠጋጉ ሲጽፏቸው 300፣ 350፣ 400፣ 400 እና 450 ግራም ሆኑ። ስድስተኛው አምባዛ ነው፣ 2,900 ግራም። ደምረው ለስድስት ሲያካፍሉ ሚኑ 800 ግራም መጣ። «በሉ 800 ግራም የሚመዝነውን አምጡልኝ» አሏቸው። የለማ! የሚጠጋውም የለም። ሚዲያኑና ሞዱ ግን ሁለቱም 400 ናቸው። አምባዛውን አውጥተው እንደገና ሲያሰሉ ሚኑ ወደ 380 ወረደ፤ ሚዲያኑ ንቅንቅ አላለም። ልጄ ማታ ስትነግረኝ እኔም ገባኝ። አንድ ባለ ሀብት ያለበት ሰፈር አማካይ ገቢ ሲነገረን ለምን እንደምንገረም ማለት ነው። (የዓሣውን ሒሳብ የከፈልነው እኛ ወላጆች ነን። ጥብስ ሆኖ ስለተበላ ቅር አላለኝም።)

ፕሮባቢሊቲውን በዘውድና ጎፈር ጀመሩ። ሁለት ሳንቲም ቢጣል ሁለቱም ዘውድ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? ልጆቹ «አንድ ሦስተኛ» አሉ። ሁለት ዘውድ፣ ሁለት ጎፈር፣ አንድ አንድ፤ በቃ ሦስት ነው ብለው። ቲቸር አልተቆጡም። ዳላምቤር የሚባል ትልቅ ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅም በ1754 እ.ኤ.አ. ሳንቲም ሁለት ጊዜ ስለ መጣል በሚጠይቅ ተመሳሳይ ጥያቄ መሳሳቱን ነገሯቸው። ከዚያ አንዱን ሳንቲም በቀለም ምልክት አድርገው አስጣሏቸው። ያኔ «አንድ አንድ» የሚሉት ሁለት መንገድ እንዳለው ታየ። መንገዱ አራት ነው፣ መልሱም አንድ አራተኛ።

ታናሽ ወንድሜ ልጄን ሊወስድ ሄዶ እሱም ተማሪ ሆነ። ቤቲንግ (የኳስ ውርርድ) ይወዳል። አንድ ቲኬት ላይ አምስት ጨዋታ ይገምታል፣ የሚበላው አምስቱም ከገቡለት ብቻ ነው። «አራቱ ገብተው በአንድ ጨዋታ ተቃጠልኩ» የዘወትር ወሬው ነው። ቲቸር ስልኩን አስወጡት። እያንዳንዱ ጨዋታ የመግባት ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም። 0.6ን አምስት ቦታ አስቀምጠህ አባዛው አሉት። 0.078 ገደማ መጣ። ከመቶ ቲኬት ስምንት ያህሉ ቢቀናው ነው። «ብዙ ጊዜ ስለተቃጠልኩ አሁን ተራዬ ነው» ሲላቸው፣ «ሳንቲሟ ትናንት በምን እንደወደቀች አታስታውስም ልጄ» አሉት። አቆመ ብዬ አልዋሽም። አምስቱን ጨዋታ ግን ወደ ሁለት አውርዶታል።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽንም (ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን) አስተምረዋቸዋል። እሱን ልጄን ጠይቁልኝ።

አሁን ደግሞ የማይመቸውን ልናገር። ፈተና ሳምንት ሲቀረው ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው አይሆኑም። ፎርሙላ የሚሰጡት መጨረሻ ላይ ነው፣ ወላጅ ደግሞ ይቸኩላል። የቤት ሥራ ሠርተው አይሰጡም። የተማሪ ስልክ ደጃፍ ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። በአንድ ቡድን ከአምስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። ዋጋቸው ግን ቤት ለቤት ከሚያስጠኑት ይቀንሳል፣ ወንድምና እህት አንድ ላይ ከመጡም ያስተያያሉ።

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጄ ውጤቷ ተሻሽሏል፤ እኔን ደስ ያለኝ ግን «ለምን?» ማለት መጀመሯ ነው።

ስልካቸውን አደባባይ ላይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላቸው ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጠዋት አያነሱም።